የኋለኛው ፉርጎ

በሩን ገፋሁት፤ እምቢ አለ። በትከሻዬ ደግሜ ገፋሁት። ቀና ብዬ በመስታወቱ ወደ ውጭ ስመለከት የሚታየው ሐዲድ ብቻ ነው። ልጄ የተቀመጠችበት ፉርጎ መኖር በነበረበት ቦታ ሁለት ቀጫጭን ብረቶች ከእግሬ ሥር እየተተረተሩ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ግራና ቀኙ ቢጫ ዛፍ ነው። ሌላ ምንም የለም።

ከግማሽ ሰዓት በፊት በዚያችው በር አልፌ ነው የመጣሁት። ከበሩ ወዲያ ሌላ ፉርጎ ነበር፤ ከዚያ ወዲያም ሌላ፤ ከዚያ ደግሞ ልጄ ጃኬቷን ጠቅልላ ተንተርሳ፣ ጆሮዋን በሙዚቃ ደፍና የተኛችበት። አሁን የት ሄደ? ባቡር እኮ ነው፤ ግማሹ ተቆርሶ የሚወሰድ ዳቦ አይደለም።

መጀመሪያ የመጣብኝ ክፉ ክፉው ነው። ተበጥሶ ቀርቷል፣ ገደል ገብቷል፣ ልጄ አልቃለች። "ልጄን!" ብዬ ጮኽኩ። በአማርኛ ነው የጮኽኩት። ጋዜጣ የሚያነብ አንድ ሽማግሌ በመነጽሩ ላይ አየኝና መልሶ ጋዜጣውን ዘረጋ። እጄን ፓስፖርቴን ወደምይዝበት ወደ ጡቴ ሥር ሰደድኩ፤ ባዶ ነው። ፓስፖርቴ ልጄ ዘንድ ነው። ትኬቴ ልጄ ዘንድ ነው። ስልኬ ልጄ ወንበር ሥር ቻርጅ ላይ ተሰክቷል። በእጄ ያለው በፌስታል የተቋጠረ ቆሎ ብቻ። በማላውቀው አገር፣ ወዴት እንደሚሄድ በማላውቀው ግማሽ ባቡር ላይ፣ እኔ እኔ ለመሆኔ አንድ ምስክር የለኝም።

አደጋው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ፈራሁ። ግን ብዙ አልቆየም፤ እኔ ስፈራ የምቆጣ ሰው ነኝ። የዚያን ቀን ደግሞ የምቆጣበት ነገር ሞልቶ ነበር።

ይህን መንገድ እኔ አልፈለግሁትም። ይህ ይታወቅልኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ የምጽፈውም እንደምናገረው ነው።

ልጄ ነርስነቱን ጨርሳ ሥራ ከያዘች በኋላ፣ አንድ እሁድ ሲያትል ስካይዌይ ሰፈር ባለው ቤታችን ሶፋው ላይ አስቀመጠችኝና፣ "ማም፣ አንቺ እኮ ቫኬሽን ወጥተሽ አታውቂም" አለችኝ።

"ካቻምና አገር ቤት የሄድኩትስ?"

"እሱ ቫኬሽን ነው? ሻንጣ ስትጎትቺ ሄደሽ፣ ለቅሶ ስትደርሺ ከርመሽ፣ ታመሽ ተመለስሽ።"

እውነቷን ነው። ግን ለእኛ መንገድ ማለት ያ ነው። ሰው አለ፣ ትሄጃለሽ። ሰው ከሌለ ምን ልትሠሪ? እኔ ሲያትል አጠገብ ቱክዊላ ያለ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው የምሠራው። ቫኬሽን ምን እንደሚመስል ከአንሶላው አውቀዋለሁ፤ ወይን የፈሰሰበት፣ ቸኮሌት የተለወሰበት፣ ሌላ ሰው የሚያጥበው ነገር ነው።

አውሮፓ እንሂድ አለችኝ። "እዚያ ማን አለን?" አልኳት።

"ማንም።"

"ታዲያ ማን ይቀበለናል?"

"ማንም አይቀበለንም! ለዚህ እኮ ነው የምንሄደው። ፎል ላይ፣ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን፣ ቀስ እያልን፣ ከአንዱ የድሮ ከተማ ወደ ሌላው በባቡር። ኖ ስትረስ።"

"የድሮ ከተማ ካማረሽ ጎንደር አለልሽ" ብላት ሳቀችብኝ። ለካ ትኬቱ አስቀድሞ ተቆርጧል። ሳትነግረኝ።

እንግዲህ ዘንድሮ ኢሚግሬሽን መንገድ ላይ ሰው ስለሚይዝ የሲያትል ሐበሻ ምክር አንድ ነው፤ ወረቀትሽን ያዢ። ግሮሰሪ ስትሄጂ ያዢ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ ያዢ። ኦበርን ከተማ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ጎረቤታችን ሲቲዝን ነው፤ እሱም ፓስፖርቱን ከምሳ ዕቃው ጋር ይዞ ነው የሚወጣው። እኔማ ሰማያዊዋን የአሜሪካ ፓስፖርት ካገኘሁ ጀምሮ ከጡቴ ሥር ለይቻት አላውቅም። በቀላል አልመጣችም። የዜግነት ፈተናውን ወድቄ፣ እንደገና አመልክቼ፣ አንሶላ እያጠፍኩ ጥያቄውን እንደ ዳዊት ደግሜ ነው ያገኘኋት።

አየር ማረፊያ ስንደርስ ልጄ እጇን ዘረጋች።

"ማም፣ ፓስፖርቱን ስጪኝ። ይጠፋብሻል።"

"የት እንደማስቀምጠው ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ፤ ጡት ሥር! ላብ ይነካዋል፣ ይጣመማል። ስጪኝ በቃ።"

ሰልፉ ከኋላችን ይገፋል፤ ሰጠኋት። ደረቷ ላይ ባንጠለጠለችው ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ከራሷ ጋር አድርጋ ዚፑን ዘጋች። እኔ እሷን በጀርባዬ አዝዬ፣ በአንድ እጄ ሻንጣ በሌላው ወረቀት ይዤ፣ ቋንቋውን በማላውቀው አየር ማረፊያ ሁሉ ያለፍኩ ሴት ነኝ። አንዲት ብጣሽ አልጠፋችብኝም። ያቺ የታዘለችው ልጅ ነች ዛሬ "ይጠፋብሻል" የምትለኝ። ዋጥኩት። መንገድ በጠብ አይጀመርም ብዬ ዋጥኩት።

ፕራግ የሚባለው ገባን፤ ከዚያ ትንንሾቹን እያየን ቪየና። የትንንሾቹ ስም አንደበቴ ላይ አይቆምም። መንገዱ ሁሉ ድንጋይ ነው። አስፋልት ማድረግ አቅቷቸው አይደለም፤ እንዲህ ነው የሚያምረው ይላሉ። የሻንጣዬ አንድ ጎማ በሁለተኛው ቀን ተነቀለ። ልጄ ድልድይ ላይ ታቆመኝና ስልኳን ትደግንብኛለች።

"ማም፣ ፈገግ በይ።"

"በምን?"

"በዚህ ሁሉ! ዞር ብለሽ እዪው እስኪ!"

ዞር ስል ግንብ ነው። ቀጥሎም ግንብ። አንዱን ንጉሥ ሠራው፣ ሌላውን ልጁ ሠራው። ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ልሳለም ሳጎነብስ ሰው ሁሉ አንገቱን አንጋጦ ጣሪያ ያያል፤ አንዲት ሴትዮ በእኔ ላይ ተሻግራ ፎቶ አነሣች። ሆቴል ስንገባ እጄ አላርፍ ብሎ አንሶላውን ፈትቼ እንደገና አነጥፋለሁ፤ ማዕዘኑን አያውቁበትማ። ልጄ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ፣ "ሥራ ላይ አይደለሽም እኮ!" ትለኛለች።

አልዋሽም፣ ደስ ያለኝም ነገር ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ወንዝ ዳር ተቀምጠን ቅጠሉ እንደ ወርቅ ፍራንክ ውሃው ላይ ሲወርድ፣ ልጄ ቼስትነት የሚሉትን የተጠበሰ ፍሬ በወረቀት ገዝታ እየላጠች አጎረሰችኝ። እሷ ስታጎርሰኝ ከልጅነቷ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ያን አልረሳውም። ግን ስንት ቀን ሙሉ አንድ ሰው "ደህና ዋላችሁ" አላለንም። እንገባለን፣ እንወጣለን፣ ማንም መምጣታችንን አያውቅም፣ ማንም መሄዳችንን አያውቅም። እንደ ሌባ። ለዚህ ነው ባቡሩ ላይ ያችን ሐበሻ ሳይ እግሬ አላልፍ ያለኝ።

ከቪየና ተነሥተን ተራራ ሥር ወዳለ ሌላ የድሮ ከተማ እየሄድን ነበር። ልጄ ስልኬን ሰካችልኝ፣ ጆሮዋን ደፈነች፣ ተኛች። እኔ መጸዳጃ ፍለጋ ወደ ኋላ ሄድኩ። የቅርቡ ተበላሽቷል፤ አልፌ ስሄድ፣ መጨረሻው ፉርጎ ላይ መስኮት ዳር አንዲት ሴት ጥቁር ሻሽ አስራ ተቀምጣለች። ግንባሯን አይቼ ሐበሻ መሆኗን አወቅሁ። ሲያትል ሬይኒየር ጎዳና ላይ ቢሆን አንገቴን ነቅነቅ አድርጌ ነበር የማልፈው፤ ስንቱን ትሰላሚያለሽ? እዚያ ግን ልቤ ዘለለ።

"ሐበሻ ነዎት?" አልኳት።

መነጽሯን አወለቀች። "ታዲያ ምን እመስላለሁ?" አማርኛዋ ትግርኛ ትግርኛ ይላል።

"ይቅርታ፣ ደስ ብሎኝ ነው። እንደምን ዋሉ?"

"አንቱ አትበይኝ፤ እኔ ገና ባል እፈልጋለሁ።"

ሳቅሁ። እንዴት እንደሳቅሁ! ከቤት ከወጣሁ እንዲያ አልሳቅሁም። ጎኗ ያለውን ወንበር ለቀቀችልኝ፣ ተቀመጥኩ። ከፊታችን ባለው ከተማ የሽማግሌዎች መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ቪየና እህቷን ጠይቃ መመለሷ ነው። እኔ ስለ አንሶላዬ፣ እሷ ስለ ሽማግሌዎቿ አወራን። "ባለፈው ሰሞን አንዱን ሳጥበው ነከሰኝ፤ ጥርስ የለው፣ ምን ላድርገው?" ትለኛለች። ልጄስ የት እንዳለች ጠየቀችኝ።

"እዚሁ ባቡር ላይ ተኝታለች" አልኳት።

"ተያት። የተኛ ልጅ አይቀሰቀስም።"

ስንት ጊዜ ልነሣ አልኩ። በተነሣሁ ቁጥር "በሞቴ!" ትለኛለች። በሞቴ የተባለ ሰው ይነሣል? ሰው ገድሎ መሄድ ነው። ከቦርሳዋ ቆሎ አወጣች፤ እህቷ የቆላችላት። በላን። የቀረውን በፌስታል ቋጥራ "ለልጅሽ" ብላ እጄ ላይ አደረገችው።

ባቡሩ ዝግ ሲል፣ "የእኔ ቦታ ደረሰ" አለችና ሻንጣዋን ሳብ አደረገች። የኔ ጥፋት ነው የሚባል ካለ እዚህ ላይ ነው፤ ግን አሁንም ጥፋት ነው አልልም። አብራኝ እንጀራ የበላች ያህል የሆነችን ሴት፣ ሻንጣ ስትጎትት፣ ተቀምጬ በመስኮት እጄን ላወዛውዝላት? ሰው ይሸኛል። እስከ በር መሸኘት ደግሞ መሸኘት አይደለም፤ መንገድ ድረስ ካልወጡ።

"ተይ፣ ከብዷል" አለችኝ።

"ዝም በይ፣ አምጪው!"

ሻንጣዋን አውርጄ ከባቡሩ ወርጄ መሬት ላይ አቆምኩላት። ተሳሳምን፤ አንድ ጊዜ በዚህ፣ አንድ ጊዜ በዚያ፣ እንደገና በዚህ። ከኋላዬ ባቡር ሲንቀሳቀስ ሰምቻለሁ። ሌላ ሐዲድ ላይ ያለ ነው የመሰለኝ። ሰው እየሸኘ ዞሮ የሚያይ ማነው? "ለልጅሽ ሰላም በይልኝ፣ ሲያትል ስትገቢ ጸልዪልኝ" ስትለኝ ፊሽካ ተነፋ። "ግቢ ግቢ! ጥለውሽ ይሄዳሉ!" ብላ ጀርባዬን ገፋችኝ። በወጣሁበት በር ዘልዬ ገባሁ።

ባቡሩ ሲነሣ ወደ መጣንበት የሚመለስ መሰለኝ። ማዞሪያ ይኖረዋል ብዬ፣ ቆሎዬን ይዤ፣ ወደ ልጄ መራመድ ጀመርኩ። ከዚያ ያች በር። ከዚያ ያ ሐዲድ።

ጋዜጣ የሚያነበው ሽማግሌ በመጨረሻ አዘነልኝ መሰል። በእንግሊዝኛ ልጄ ለማለት "ዶተር፣ ዶተር" እያልኩ በሩን ሳሳየው ጋዜጣውን አጠፈና ሁለት መዳፎቹን ገጠማቸው። ከዚያ ለያያቸው። አንዱን እጅ ወደዚህ፣ ሌላውን ወደዚያ ነዳ። ያቺ ጣቢያ ላይ ባቡሩ ለሁለት ይከፈላል፤ የፊተኛው ወደ ተራራው፣ የኋለኛው በሌላ ሞተር እየተጎተተ ወደ ድንበር። በድምፅ ማጉያ ተነግሯል፣ በሁለት ቋንቋ፣ አለኝ። አዎ፣ በሁለት ቋንቋ ተነግሯል፤ እኔ በሦስተኛው ቋንቋ ስለ ጥርስ አልባ ሽማግሌ እየሳቅሁ ሳለ።

ልጄ አልሞተችም። መጀመሪያ ያን አሰብኩና እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ሁለተኛ ያሰብኩት ግን አስፈሪ ነበር። ድንበር አለኝ እኮ ሰውየው።

ትኬት ቆራጩ ሳይመጣ የድንበር ፖሊሶች መጡ፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ወጣት ሴት። ፉርጎው ውስጥ ስንት ሰው አለ፤ እያለፉ እያለፉ መጥተው እኔ ጋ ቆሙ። እንግሊዝኛቸው እንደኔው የተሰባበረ ነው፤ ስብራታችን ግን አልገጠመም።

"ፓስፖርት።"

"ልጄ ጋ ነው።"

"ልጅሽ የት ናት?"

"ሌላው ባቡር ላይ።"

"የትኛው ባቡር?"

"ይኸው ባቡር! ግማሹ!"

ተያዩ። "አሜሪካን ሲቲዝን ነኝ" አልኩ። ወንዱ ከጫማዬ ጀምሮ እስከ ፌስታሌ አየኝ። "አንቺ?" አለ። ስድብ አልነበረም፤ ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከልቡ ነው የጠየቀው።

"አዎ እኔ! ሲያትል!"

"ሲያትል ዝናብ ነው አይደል?" አለች ሴቲቱ፣ ልታረጋጋኝ።

"ዝናብ ነው" አልኳት። "እንግዲህ በዝናቡ መስክሪልኝ።"

በሚቀጥለው ጣቢያ አወረዱኝ። አልጎተቱኝም፣ አልጮኹብኝም፣ ይህን ልመስክር። ግን ያ ሁሉ ሰው ከመጽሐፉና ከስልኩ ቀና አለ። መሃላቸው እየተራመድኩ ፊታቸውን አየሁ፤ የሠራሁትን የሚያውቁ ይመስሉ ነበር። እኔ እንኳ የማላውቀውን። ፊቴ ነደደ። የትኛውንም በጥፊ ባልኩት ብዬ ተመኘሁ፤ ሽማግሌውን ሳይቀር።

ጣቢያው ላይ ያለችው የፖሊስ ክፍል ጠባብ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ። አግዳሚው ላይ ጫማው የራሰ ሰው ወለሉን እያየ ተቀምጧል። ከየት እንደሆነ አላውቅም፤ የእኛ ሰው አይደለም። ፌስታሌን ዘረጋሁለት። እፍኝ አነሣ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነኝ። ሁለታችንም ቆሎ እየቆረጠምን ተቀመጥን። ያን ጊዜ ነው ፍርሃቱ ከነጥርሱ የመጣው። ልጄ ነቅታ ባታገኘኝስ? የት እንደሆንኩ ማን ይነግራታል? እኔን ወዴት ይወስዱኛል? እስክታገኘኝ እሷስ ብቻዋን ምን ትሆናለች?

ፖሊሷ የጠረጴዛውን ስልክ ወደ እኔ አዞረችው። "ለልጅሽ ደውይ።"

እጄ ስልኩ ላይ ቀረ። የልጄን ቁጥር አላውቀውም! በፎቶዋ ነው የምደውልላት። ፎቶዋን እጫናለሁ፣ "ሄሎ ማም" ትላለች፤ ቁጥር የሚባል ነገር በመካከላችን ኖሮ አያውቅም። በዚህ ራስ ውስጥ ያለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ የእትዬ።

እትዬ ሲያትል በገባሁ ጊዜ ምድር ቤታቸውን ያከራዩኝ ጉራጌ ሴት ናቸው፤ ዛሬም ሁለት በር አልፎ ነው የሚኖሩት፣ ትንሽ ሱቅ አላቸው። ያኔ ልጄን አቅፌ በር ላይ ቆሜ፣ "አውቶቡስ ብትስቺ፣ መንገድ ቢጠፋብሽ፣ ይህን ጥሪ። በይ ድገሚው" እያሉ የቤት ስልካቸውን ቁጥር እንደ አባታችን ሆይ አስደገሙኝ። ስልኩም ቁጥሩም ዛሬም ያው ነው። የያዝኩት ግን በአማርኛ ነው፤ በዜማ። ፖሊሷ እየጠበቀች እኔ በአማርኛ አዜማለሁ፣ ከዚያ ጣቶቼን አወጣላታለሁ፤ እሷ ጣቴን ቆጥራ ትጫናለች። ከዘጠኙ ላይ ስደርስ ሁለታችንም ልንስቅ ምንም አልቀረን።

እዚያ ከቀትር በኋላ ነው፤ ሲያትል ገና ሊነጋጋ ነው። በዚያ ሰዓት ለሐበሻ ቤት ስልክ መደወል ምን ማለት እንደሆነ ረስቼዋለሁ።

"ሄሎ?"

"እትዬ፣ እኔ ነኝ።"

ቀስ ብለው፣ "ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም።"

"በዚህ ሰዓት ደውለሽ ማንም አልሞተም? አትደብቂኝ! ልጅቷ ናት! ወይኔ ልጄን!"

"ልጅቷ ደህና ናት፣ እትዬ!"

"መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚባለው! ደህና ናት ይባላል፣ ትንሽ አሟታል ይባላል፣ ከዚያ ነው የሚረዳው! እኔ መርዶ ነግሬ የማላውቅ መስሎሻል?"

ፖሊሷ በጣቷ ሰዓቷን መታ መታ አደረገች።

"እትዬ፣ ባቡር ነው!"

"ባቡር ተገለበጠ!"

"አልተገለበጠም፤ ለሁለት ተከፈለ!"

"ወይ መድኃኔ ዓለም! ለሁለት!" ማልቀስ ጀመሩ።

ያን ጊዜ ፈነዳሁ። "እትዬ! ዝም ይበሉ!" ብዬ ጮኽኩባቸው። ለእርሳቸው እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። አግዳሚው ላይ ያለው ሰው እንኳ ቆሎውን መቆርጠም አቆመ። እሳቸውም ለቅሶውን አቆሙ። "ልጄን ኮል ያድርጉላት። ጠፍቼ ፖሊስ ዘንድ ነኝ። ፓስፖርቴን ይዛ ትምጣ። የጣቢያውን ስም ይህች ፖሊስ ትነግርዎታለች።"

ስልኩን ለፖሊሷ ሰጠኋት። የእትዬ ድምፅ ከስልኩ ውጭ ይሰማል፤ የሱቃቸው እንግሊዝኛ ነው፣ ዕቃ አምጪዎችን የሚቆጡበት። "ዋት? ስሎው! ኤ ኦር ኢ? አጌን!" ስሙን ፊደል በፊደል አስነገሯት። ሐኪም ቤት ሲሄዱ የምታስተረጉምላቸው ልጄ ናት፤ ቁጥሯ እጃቸው ላይ ነው። ስልኩ ወደ እኔ ሲመለስ ድምፃቸው ደርቋል።

"እደውላለሁ። በልተሻል?"

"በልቻለሁ።"

"ምን?"

"ቆሎ።"

"እሰይ" አሉና ዘጉት።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ልጄ ስትደርስ እየሮጠች ነው የገባችው፤ ፊቷ በእንባ ጨቅይቷል፣ የእኔ ስልክ በአንድ እጇ፣ ቻርጀሩ እንደተንጠለጠለ። ዚፑን ከፍታ ሰማያዊዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ወንዱ ፖሊስ ገለጠ፣ ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ። ፈገግ አለ። "ሲያትል!" አለ፣ እኔ ሳልነግረው የቆየሁ ይመስል። ውሃ በብርጭቆ መጣልኝ። "ሶሪ፣ ማዳም።" ማዳም! ወንበር ላይ የነበርኩት እኔው ነኝ፤ ያው ጫማ፣ ያው ፌስታል። አንዲት ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ስላረፈች ነው ሰው የሆንኩት። ብርጭቆውን አንሥቼ ጫማው ለራሰው ሰው ሰጠሁት፤ ለእሱ ውሃ ያመጣለት አልነበረም። የእሱን ወረቀት ማን ይዞት እንደሆነ እንጃ።

ልጄን ውጭ ስንወጣ ነው የያዝኳት። ሐዲዱ ዳር ቆመን፣ ነፋሱ ቅጠሉን እግራችን ላይ ያዞራል።

"እንደሚከፈል ታውቂ ነበር?"

"ትኬቱ ላይ አለ፣ ማም። ትክክለኛውን ፉርጎ ነው የመረጥኩት። ሶ፣ አንቺ ከቦታሽ ካልተነሣሽ—"

"ታውቂ ነበር ወይ?"

"አዎ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንዳትጨነቂ ብዬ ነዋ!" ብላ ጮኸች።

እንዳትጨነቂ ብዬ። ይህን ቃል ከየት እንዳመጣችው አውቃለሁ። ልጄ ትንሽ ሳለች እናቴ አገር ቤት ሞተች። እትዬም ጎረቤቱም ሰምተው፣ ሳምንት ሙሉ ከእኔ ጋር ሲስቁ ሰንብተው፣ አንድ ማለዳ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሬ ላይ ተደረደሩ። "ለምን ደበቃችሁኝ?" ብዬ ስወድቅ ያሉኝ ይህንኑ ነው፤ እንዳትጨነቂ ብለን። ልጄ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር። አሜሪካ ነው ያሳደጋት እንላለን፤ ይህን ግን አሜሪካ አላስተማራትም። በደግነት የተደበቀ ነገር ሁሉ እኔ ላይ ነው የሚፈነዳው። በዚያች ሳምንት እናቴን ሳላለቅስላት ሰነበትኩ፣ ዛሬ ደግሞ እኔው ልጠፋ ነበር።

"ስሚ" አልኳት። "ከእንግዲህ ልጨነቅ! ጭንቀቴን ስጪኝ፣ የራሴ ነው! ባቡሩ ሲከፈል ንገሪኝ፣ ትኬት ስትቆርጪ ንገሪኝ፣ ስትታመሚም ንገሪኝ። የምጨነቀው ሳላውቅ ነው እንጂ ሳውቅ አይደለም። ሳውቅ መላ አለኝ። አሁን ፓስፖርቴን።"

ሰጠችኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ ኮሌታዬን ገለጥ አድርጌ ቦታዋ መለስኳት።

"ላብ ይነካዋል" አለች፣ አፍንጫዋን እየሳበች።

"ይንካው።"

ፌስታሉን እጇ ላይ ጣልኩላት። "ብዪ።"

"ከየት ነው?"

"ሰው ሰጥቶሽ ነው። ሰላም ብላሻለች።"

ቆሎውን እያየች እንደገና ማልቀስ ጀመረች፤ እኔ አላባበልኳትም። ገና ተናድጄ ነበር። ግን እጇን ይዤያት ነበር፤ ባቡሩ እስኪመጣ አልለቀቅኳትም።

ስልኬን ከልጄ ተቀብዬ የእትዬን ፎቶ ተጫንኩ፤ ምስሉ ሲከፈት የሚታየው እትዬ ብቻ አይደሉም። ሳሎናቸው ሞልቷል! ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ የኦበርኑ ጎረቤታችን ምሳ ዕቃውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሥራ ቀርቶ ቁጭ ብሏል፣ የማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ አሉ። ለቅሶ ደርሰው ነው። ለእኔ ይሁን ለልጄ ገና አልተወሰነም።

"ፊትሽን አሳዪኝ!" አሉ እትዬ። አሳየኋቸው። "ልጅቷን! እጇን ታንቀሳቅስ!"

ልጄ ቆሎ የያዘ እጇን አወዛወዘች። ሳሎኑ እልል አለ። እትዬ ግን እልል አላሉም፤ ዓይናቸውን ስልኩ ላይ አስጠግተው፣ "የደበቅሽኝ የለም? እውነቱን ንገሪኝ" አሉ።

"የለም፣ እትዬ። የደበቅሁት የለም" አልኳቸው። "ልጄ አጠገቤ ናት። ፓስፖርቴ ጡቴ ሥር ነው። የምንሳፈርበትን ባቡር አውቀዋለሁ፤ ይሄኛው አይከፈልም፣ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ደህና ነኝ።"